ጢስ አባይ ሥር የተደበቀው ሳጥን ከቦታው ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ከጢስ አባይ ከተመለስኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። የቀኝ እጄ መዳፍ ተልጦ ገና አልደረቀም። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፏፏቴው ሥር የተደበቀው የጂኦካሽ ሳጥን ከዚያ ይነሳ ወይስ ባለበት ይቆይ? እኔ ይነሳ ባይ ነኝ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሳጥን ይደብቅና ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል። ሌላው ቁጥሩን ይዞ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሳጥኑን እንደነበረ ይመልሰዋል። ከውስጡ ዕቃ ከወሰደ የሚመጣጠን ሌላ ዕቃ ያስቀምጣል። በቃ ይሄው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሎች የሚጠቀሙበት ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ያስገባው የነበረውን ስህተት በሜይ 2 አነሳ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ጫካ ገብቶ አንድ ባልዲ ደበቀና ቁጥሩን ለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። ጊዜው መስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝ። ጢስ አባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማልጄ ተነሳሁ። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሯል። ትኬት ቆርጬ ስወጣ አንድ ወጣት አስጎብኚ አብሬሽ ልሂድ ብሎ ጠየቀኝ። ስልክ ይዣለሁ፣ መንገዱን ያሳየኛል ብዬ አመሰገንኩትና ጥዬው ሄድኩ። ጫማዬን ቀና ብሎ ጎንበስ ብሎ አየው። ምንም አላለም።

የአላታን ድንጋይ ድልድይ ተሻገርኩ። ዳገቱን ወጥቼ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ስደርስ እውነቴን ነው የምላችሁ ቆሜ ቀረሁ። አባይ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ጭሱ ፊቴ ድረስ ይመጣል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወርጄ ተንጠልጣዩን ድልድይ አለፍኩና ስልኬን አወጣሁ። ቀስቱ ቀጥታ ወደ ታች ያመለክታል፣ 60 ሜትር ይላል። የእግር መንገዱ ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። እኔ ቀስቱን ተከተልኩ።

ሳሩ ረግረግ ብሏል። ከሥሩ ዋልካ አፈር ነው፣ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ያከብዳል። ከሳሩ ቀጥሎ ጥቁር አለት ነው፣ ጭሱ ሌት ተቀን እያረጠበው አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። እሱ ላይ አንድ እግሬን እንዳሳረፍኩ ሄድኩ። በጎኔ ተንሸራትቼ ሦስት አራት ሜትር ከወረድኩ በኋላ ነው አንድ ቁጥቋጦ የያዘኝ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ያለውን ስላየሁት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሳልጮህ አንድ ልጅ መጣ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ ዱላ ይዟል። ዱላውን ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት፣ ወጣሁ። ዱላውን ሰጥቶኝ በግራው መንገድ ዞረን በሰላም ወረድን። ሳጥኑ ከተደረበ አለት ሥር ነበር፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ። ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ ውስጡ ውሃ አቁሯል። የሚገርመው ግን ደብተሩ ደረቅ ነው። ከፍቼ ሳሸተው ደግሞ የጭስ ሽታ አለው፣ የማገዶ ጭስ። ግራ ገባኝ። ስሜን ጻፍኩና መለስኩት።

አቋሜ ይሄ ነው። ሳጥኑ ላይኛው መመልከቻ አካባቢ ይሁን። የመንገዱ ክብደት፣ ማለትም አስቸጋሪነቱ፣ በሳጥኑ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከአምስት 2.5 ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ልክ አይደለም፣ 4 መሆን አለበት። ባለቤቱም ካላየው ካልተንከባከበው ለምን ያስቀምጠዋል? የልጁ ዱላ በችኮላ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። አሁን በሬ ሥር ቆሟል። ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ረዝሟል። በኋላ የመጣችሁ ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብዳችሁ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እያወጋኋችሁ ልሂድ።

መልስ 1 የባሕር ዳር መምህርት ናት። ቀድማ እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ አለችኝ፣ አመሰግናታለሁ። ተማሪዎች ይዛ በየዓመቱ ትሄዳለች። የእሷ ደንብ ግልጽ ነው። ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ ልጆቹን ከመመልከቻው በታች አታወርድም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሌሊት ከዘነበ ፀሐይ መሬቱን እስክትመታው ታስጠብቃቸዋለች። ሳጥኑን ስለማንሳት ምንም አላለችም።

መልስ 2 አንድ መስመር ነው። ይነሳ ይላል።

መልስ 3 ለእኔ ትምህርት ሆኖኛል። ቅየሳ የሚሠራ ሰው ነው የጻፈው። ስልኩ የሚያሳየው ቀስት ወፍ የምትሄድበትን መንገድ እንጂ ሰው የሚሄድበትን አያውቅም። ሌላም አለ። ጂፒኤስ ቦታችንን የሚያውቀው ቢያንስ ከአራት ሳተላይት የሚመጣው ምልክት የወሰደበትን ጊዜ ለክቶ ነው። ገደል ሥር ስንሆን ግማሹ ሰማይ ይከለልብናል። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ቀጥታ አይመጣም፣ የገደሉን ግድግዳ ነክቶ ተንጸባርቆ ይደርሳል። ረጅም መንገድ ስለሄደ ስልኩ ርቀቱን ያሳስታል። እኔ 60 ሜትር ያልኩት 40 ወይም 80 ሊሆን ይችል እንደነበር ነገረኝ። የእሱ ልማድ ገደል አጠገብ ሲደርስ ስልኩን ኪስ ከቶ በዓይኑ መፈለግ ነው። ሰው ቢሆን የት ይደብቀው ነበር ብሎ ያያል። ስለ ክብደቱ ተስማምቶኛል። ደረጃው ከ1 እስከ 5 በግማሽ በግማሽ የሚወጣ ነው። 5 ገመድና ልዩ መሣሪያ ለሚጠይቅ ቦታ ስለሆነ ለዚህኛው 4 ይበቃዋል ባይ ነው።

መልስ 4 ኃይለኛ ነው። ሰውዬው ሰላምታም አልሰጠ። ጥፋቱ የሳጥኑ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ ጻፈ። አገሩን የሚያውቅ ሰው እምቢ ብዬ ስልክ አምኜ ገደል እንደገባሁ፣ ከተሜ ሁሉ እንዲህ እንደሆነ፣ ያ ወጣት የዕለት እንጀራውን ከዚያ መንገድ ላይ እንደሚያገኝ አላስብም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቴ አነበብኩት። አነጋገሩ አስከፍቶኛል። የተናገረው ግን እውነት ስለሆነ መልስ አልሰጠሁትም።

መልስ 5 ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። በተቃራኒው ቆመ። ሳጥኑ ፏፏቴው ሥር በመሆኑ ነው የሚጣፍጠው፣ መመልከቻው ላይ ካስቀመጣችሁት ምኑን ጨዋታ ሆነ ይላል። እነሱ አገር ፖቶማክ ወንዝ ዳር ግሬት ፎልስ የሚባል ቦታ አለ። ቢሊ ጎት በተባለው የአለት መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻው ተሰባስቦ ይወጣል። እሱም ወድቆ ያውቃል፣ ተነሥቶ ሄደ። ሰው አደጋውን አውቆ ከገባበት ማን ምን አገባው የሚል ሰው ነው።

መልስ 6 እዚያው የምትኖር ሴት ናት፣ አረመችው። ያ ቦታ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሳጥን ያለ ፓርኩ ፈቃድ ማስቀመጥ ክልክል ስለሆነ ምሳሌው አይሠራም። ደግሞ እዚያ ሰው ሲወድቅ የሚደርስ የነፍስ አድን ቡድን አለ። ጢስ አባይ ላይ የደረሰው አንድ እረኛ ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

መልስ 7ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አንድ አባት ናቸው፣ በወጣትነታቸው ጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ ሠርተዋል። ለልጄ ምሕረት ያውርድልሽ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ማናችንም ያላሰብነውን አነሡ። ሳጥኑን የደበቀው ሰው በየትኛው ወር ነው የደበቀው? እሳቸው ሲያስረዱ ነገሩ ሁሉ ውሃው ላይ ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፣ የሚወስደው ውሃ ፏፏቴውን ብዙም አይጎዳውም። ሁለተኛው፣ ባለ 73 ሜጋ ዋቱ፣ በ2001 ሲጨመር ውሃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኑ ሄደ። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት። እሱ ውሃውን ከሐይቁ ስቦ ወደ በለስ ወንዝ ነው የሚልከው። ስለዚህ በበጋ ፏፏቴው ይቀጥናል። ጭስ የለም። አለቱ ይደርቃል፣ ሽበቱም ደርቆ ይረግፋል። በዚያን ጊዜ ያቺን ቁልቁለት ሽማግሌም ይወርዳታል። ባለቤቱ በጥር ወይም በየካቲት መጥቶ ደብቆት ከሆነ 2.5 ያለው አልዋሸም። እኔም 4 ስል አልተሳሳትኩም። የሄድነው ወደ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

እውነት ለመናገር ለጥያቄዬ የሚሆን መልስ እዚህ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ። ግን ክሩ ገና መጀመሩ ነበር።

ከመልስ 8 እስከ 11 ያለው ስለ ውሃው የተነሣ ጭቅጭቅ ነው። አንዱ መብራት ከመልክ ይበልጣል፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ፏፏቴ አይበላም አለ። ሌላው በፏፏቴው የሚተዳደሩትን አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ቀዛፊዎችና ቡና የሚያፈሉ እናቶች ቆጠረለት። አንዲት ልጅ የድሮው ባለ 1 ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ፏፏቴ ይሄው እንደሆነ አስታወሰች። ሳንቲሙ ከመጣ በኋላ ያደጉት ታናናሾቿ ያንን ሥዕል አያውቁትም። ኖቱ ላይ ፏፏቴው ሙሉ ነው። እኔም ሕፃን ሆኜ ወደ ሱቅ ስላክ መንገድ ላይ ያንን ሥዕል አየው ነበር። እንዲህ ብለን ስንጨዋወት 11ኛው ሰውዬ ስድብ ቀላቀለ፣ ስድቡን አልደግመውም።

መልስ 12 የመድረኩ ኃላፊ ነው። ስድቡን አነሣና ስለ መንገዱና ስለ ሳጥኑ ብቻ እንድንነጋገር ጠየቀ።

መልስ 13 ወዲያው ከጉዳዩ ወጣ፣ ግን ደስ የሚል መውጣት ነው። የታሪክ ሰው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ኋላ አለት ላይ እንደተቀመጠና ቀስተ ደመና እንዳየ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ ይሄ ፈጽሞ የማይሆን ነው፣ ዋሽቷል ብሎ ጻፈበት። መልስ ሰጪው ሁለቱን ሰዎች እኔና ባለሳጥኑ ላይ አመሳሰላቸው። አባታችን በ7ኛው እንዳሉት አንድ ወንዝ መልኩን እየለዋወጠ ሰውን ያጣላል ለማለት ነው። እኔ ስለ ሎቦ መፍረድ አልችልም። ግን ያንን ውሃ ከፊት ለፊቱ ቆሜ አይቼዋለሁ። በመስከረም ከኋላው ገብቶ መቀመጥ የሚታሰብ አይደለም።

መልስ 14 እግረ መንገዱን እኔን አረመኝ ለማለት ይሁን አላውቅም፣ አላታ ድልድይን ሰው ሁሉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፣ ያሠሩት ግን አፄ ሱስንዮስ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1626 አለ። እኔ አላታ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቢሆንም ማወቁ አይከፋም።

መልስ 15 ነገሩን አከረረው። ጨዋታውን ለብዙ ዓመት የተጫወተ ሰው ነው፣ ደንቡን ያውቃል። ሳጥን የሚደብቅ ሰው በየጊዜው ሄዶ ማየት፣ የተሰበረውን መቀየር አለበት። አገር ጎብኚ መንገድ ላይ እያለ ደብቆ የሚሄደው ሳጥን፣ እዚያው የሚኖር ተንከባካቢ ከሌለው በቀር፣ አይጸድቅም። የዚህ ሳጥን ባለቤት ደግሞ በገጹ ላይ እንደሚታየው የውጭ ሰው ነው፣ ዓመታት ሆነውታል ድምፁ ከጠፋ። ስለዚህ ይሄ ጂኦካሽ አይደለም፣ የተጣለ ፕላስቲክ ነው፣ የሚሄድ ሰው አንሥቶ ያቃጥለው አለ።

መልስ 16 ከዚያ ይብስ ነበር። ግዮን ነው፣ ምንጩ ግሽ ዓባይ ጠበል ነው፣ ፈረንጅ ቆሻሻውን እንዴት እዚያ ይጥላል አለ። መልስ 17ና 18 ደገፉት። መልስ 19 ያ በ4ኛው ላይ የገሠጸኝ ሰውዬ ነው። አሁን ደግሞ እነሱን ተቆጣ። ቦታውን ሳታዩ በስልክ እሳት አታንድዱ የሚል ነው ሐሳቡ። እኔም በዚያ ሰዓት ልቤ ከ15ኛው ጋር እንደነበር አልደብቃችሁም። የተሰነጠቀው ክዳን ዓይኔ ላይ ነበር።

መልስ 20 ሌሊት ነው የገባው። አጭር ነው፣ በስልክ ቶሎ ቶሎ የተጻፈ። የጻፈው ያ ትኬት መቁረጫው በር ላይ ጥዬው የሄድኩት ወጣት ነው።

እህቴ እግርሽ ተሻለሽ ወይ ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ ነገሩን በተራ ተረከው። ሳጥኑ ሲደበቅ ባለቤቱን ይዞ የሄደው እሱ ነው። የካቲት ነበር፣ ውሃው ቀጭን ነበር፣ አባታችን እንደገመቱት። ሰውዬው አደራ ብሎት ሄደ፣ እሱም አደራውን ተቀበለ። ክዳኑ የተሰነጠቀው ሐምሌ ላይ ድንጋይ ወርዶበት ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ምሳ ዕቃ በአቅራቢያው አላገኘም። ስለዚህ ክረምት ከገባ ጀምሮ በየሳምንቱ ወርዶ ደብተሩን ያወጣል፣ እናቱ ቤት ወስዶ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሲደርቅ በላስቲክ ጠቅልሎ ይመልሰዋል። ያሸተትኩት የእናቱን ምድጃ ነው።

ልጁ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው። ወጣቱ በሩ ላይ ጫማዬን ሲያይ ሶሉ ልሙጥ እንደሆነ አውቋል። እምቢ ስላልኩት ሊጫነኝ አልፈለገም። ወንድሙን ጠርቶ በሩቁ ተከተላት፣ ወደ ታች ከወረደች ቶሎ ድረስላት አለው። ሳልጮህ የመጣልኝ ለዚህ ነው።

ይህን አንብቤ ብዙ ሰዓት ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

መልስ 21 የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሱንም ወንድሙንም። መክፈቻው ላይ ባለቤቱ ካልተንከባከበው ብዬ የጻፍኩትን እንዳላጠፋው፣ ሰው አይቶ እንዲማርበት እንደምተወው ነገርኩት። በዚያ መንገድ እሱ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር ለእናቴ አልነገርኳትም፣ እሱን ግን ነገርኩት።

መልስ 22 የ15ኛው ሰውዬ ነው። ያቃጥለው ያለውን እንዳነሣ ጻፈ፣ ለወጣቱም ይቅርታ ብሎ። ከዚያ ወደሚያውቀው ወደ ደንቡ ተመለሰና ጠቃሚ ነገር ነገረን። የሳጥን ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው መዛወር የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ሲፈቅድ ነው። ሰውዬው መልስ ካልሰጠ ግን ሳጥኖችን የሚያጸድቀው የአካባቢው ገምጋሚ አሮጌውን ገጽ መዝጋት ይችላል። ያን ጊዜ ወጣቱ በራሱ ስም አዲስ መክፈት ይችላል። አዲሱ ከሌላ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ስለሌለ ችግር የለም። እንዲህ ከሆነ ክብደቱም በወር ተለይቶ መግለጫው ላይ ይጻፋል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አትውረዱ ተብሎ።

መልስ 23 የጂኦሎጂ ተማሪ ናት፣ ሳጥኑ ከነጭራሹ ይቅር አለች። ኧርዝካሽ የሚባል ዓይነት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ። ሳጥን የለውም። ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ስለ መሬቱ የተጠየቀውን አይቶ ይመልሳል። ጢስ አባይ ለዚህ የተፈጠረ ነው ትላለች። ያ ያንሸራተተኝ ጥቁር አለት ባዛልት ነው፣ ከምድር ውስጥ ፈስሶ የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ። ወንዙ የሚዘለው ከእሱ ጫፍ ላይ ነው። ጥያቄውን ከመመልከቻው ሆኖ መመለስ ይቻላል፣ ማንም መውረድ የለበትም። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔ ተቀብዬው ነበር።

መልስ 24 ላይ ወጣቱ አልተስማማም። ምክንያቱን ስሙት። ሳጥኑን የሰፈሩ ልጆች ያውቁታል። ብይ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ የውጭ አገር ሳንቲም፣ አንዴም ትንሽዬ አጉሊ መነጽር አግኝተውበታል። አንድም ልጅ ሳያስቀምጥ ወስዶ አያውቅም። ከአጉሊ መነጽሩ ፋንታ የተቀመጠው ከሸክላ የተሠራች በሬ ነበረች። ሳጥኑ ከጠፋ ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ አለ። ተማሪዋ በመልስ 25 ሁለቱም ይሁኑ ብላ አስታረቀች፣ ለጥያቄው ፈቃድ የሚሰጠውን አካል እሷ ታነጋግራለች።

ከመልስ 26 እስከ 30 ያለው ስለ ጫማ ነው። አንዱ ከውጭ የመጣ ውድ የተራራ ጫማ ካልለበሳችሁ አትሂዱ አለ። ኮንጎ ጫማ ዋልካ ላይ ይሻላል የሚሉ ሦስት ሰዎች ተነሡበት፣ ጭቃው አይቀረቀርበትም፣ ውሃ ቢገባበት ይወጣል። 3ኛው ቀያሽ ግን ለእርጥብ አለት ኮንጎም አይበጅም፣ ልጁን ያቆመው ጫማው ሳይሆን ዱላውና እግሩን የሚያሳርፍበትን ማወቁ ነው አለ። 7ኛው አባት ተመልሰው መጡ። በእሳቸው ጊዜ ከማመንጫው ወደ ወንዙ የሚወርዱ ሠራተኞች ቁልቁለት ላይ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ እንደ መሰላል ነበር የሚወርዱት። እኔ ደረቴን ወደ ገደሉ ሰጥቼ ነበር የወረድኩት።

መልስ 31 መሥመር አልፏል። አዲሱ ቦታ የት ይሁን፣ ካርታ ላይ አሳየን ብሎ ወጣቱን አጣደፈው። 32ና 33ም ደገሙለት። ወጣቱ በ34 ትሁት ሆኖ እምቢ አለ። ቦታውን ከእናቱ ጋር መርጠዋል። ከመመልከቻው ብዙ አይርቅም፣ ዝናብ አይነካውም፣ ወደ ገደሉ አይወስድም። እዚህ ከጻፈው ግን መፈለጉ ምን ትርጉም አለው? መጥታችሁ ፈልጉት አለ። 4ኛው ሰውዬ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ምስጋና ጻፈ።

መልስ 35 የእኔ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እሄዳለሁ። ክዳኑ በአራት ወገን የሚቆለፍ፣ ጎማ ያለው ዕቃ ገዝቻለሁ። አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶም። ሌላ ምን ላምጣ ብዬ ጠየቅኩት።

መልስ 36 የእሱ ነው። እስክሪብቶውን ተይው፣ እርጥብ ወረቀት ላይ እምቢ ይላል፣ እርሳስ አምጪ አለ። አሮጌውን ደብተር አይጥለውም፣ የተጻፈበት ስም ብዙ ስለሆነ አዲሱ ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። ከዚያ ወንድሙ አጠገቡ ሆኖ እያስጻፈው እንደሆነ ነገረኝ። ልጁ ስለ መዳፌ ጠይቋል። ደግሞ ዱላው የአያቱ ስለነበር እንዳልጥለው አደራ ብሏል።

መልስ 37። አልጣልኩትም። በሬ ሥር ነው፣ ይዤው እመጣለሁ።